ሴሊያክ ያለበት ሰው በፈጣን ምግብ ቤቶች፦ የትኛው ያስበላል፣ የትኛው ይቅር?

የማክዶናልድስ ችፕስ እንግሊዝ ውስጥ ግሉተን (እንደ ስንዴና ገብስ ባሉ እህሎች ውስጥ የሚገኝ፣ ሴሊያክ የሚባለው በሽታ ያለበትን ሰው አንጀት የሚጎዳ ፕሮቲን) የለውም፤ አሜሪካ ውስጥ ግን ስንዴ ገብቶበታል። የእንግሊዙ ድንች፣ ዘይትና ጥቂት ዴክስትሮስ የሚባል ስኳር ነው፤ የሚጠበሰውም ለእሱ ብቻ በተመደበ መጥበሻ ነው። የአሜሪካው ላይ የሚጨመረው የበሬ ሥጋ ማጣፈጫ ደግሞ ከስንዴና ከወተት የተገኘ ነገር እንዳለው ኩባንያው ራሱ በንጥረ ነገር ዝርዝሩ ላይ ጽፎታል። ካርቶኑ ያው ነው፣ ስሙም ያው ነው፤ ምግቡ ግን ሌላ። ስለዚህ "እገሌ ምግብ ቤት ለሴሊያክ ይሆናል ወይ?" ተብሎ ሲጠየቅ ስሙን ብቻ ሰምቶ "አዎ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት። መልሱ ያለው ወጥ ቤቱ ውስጥ ነው፦ ዘይቱ ውስጥ ሌላ ምን ይገባል፣ ዳቦው የት ይሞቃል፣ የሠራተኛው ጓንት ምን ነክቶ መጣ።

ይህ ግምገማ ሴሊያክ እንዳለባቸው በሕክምና ምርመራ ለተረጋገጠላቸው ሰዎች የተጻፈ ነው። ስንዴ ሆዴን ይነፋኛል ብሎ የሚቀንስ ሰው ዳቦውን አንስቶ ሥጋውን ቢበላ ይበቃዋል። ሴሊያክ ያለበት ግን የሚጠነቀቀው ከፍርፋሪውም ጭምር ነው። ካታሲ የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ በቀን 50 ሚሊግራም ግሉተን ለ90 ቀን መውሰድ የትንሹን አንጀት ግድግዳ እንደሚጎዳ አሳይተዋል። 50 ሚሊግራም ግሉተን አንድ ግራም ከማይሞላ የበርገር ዳቦ ፍርፋሪ ይገኛል። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ "ግሉተን የሌለበት" ለመባል የተቀመጠው ገደብ በኪሎ 20 ሚሊግራም ነው፤ 150 ግራም ችፕስ በዚህ ልክ ቢሆን 3 ሚሊግራም ያስገባል ማለት ነው። ልዩነቱን ልብ በሉ፦ ገደቡን የጠበቀ ምግብና ፍርፋሪ የወደቀበት ምግብ በዓይን አይለዩም። "በልቼ ምንም አልሆንኩም" የሚለውም ማስረጃ አይሆንም፤ አንጀታቸው እየተጎዳ ምንም የማይሰማቸው ሰዎች አሉ።

ዘይቱ

ከሁሉ በላይ ሰው የሚሳሳተው ችፕስ ላይ ነው። ድንች በተፈጥሮው ግሉተን የለውም፤ ችግሩ አብሮት የሚጠበሰው ነው። ዱቄት የለበሰ ዶሮ ወይም የሽንኩርት ቀለበት ዘይት ውስጥ ሲገባ ልብሱ እየተላጠ ይበተናል። ከፊሉ ወደ ሥር ይዘቅጣል፤ ከፊሉ ተንሳፍፎ ይቆይና ቀጥሎ የገባው ችፕስ ላይ ይለጠፋል። ሙቀቱ ያጠፋዋል የሚለው ወሬ ስህተት ነው። ሙቀት የሚገድለው ጀርምን ነው፤ ግሉተን ፕሮቲን በመሆኑ ከሚንተከተክ ዘይትም ተርፎ ሳህን ላይ ይደርሳል።

በ2021 በታተመ ጥናት ከ10 ምግብ ቤቶች የተገዙ 20 የችፕስ ትእዛዞች ተመርምረው ነበር፤ ሁሉም ስንዴ ያለበት ምግብ ከሚጠበስበት ዘይት የወጡ ናቸው። በ9ኙ ግሉተን ተገኘ፤ ከ20ው 5ቱ ደግሞ የ20 ሚሊግራሙን ገደብ አልፈው ነበር። ጥናቱን ገልብጠው "እንግዲህ ከግማሽ በላዩ ንጹሕ ነው" የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ንጹሕ የወጣ አለ፤ ነገር ግን የትኛው ንጹሕ እንደሆነ ቆጣሪው ፊት የቆመ ሰው ሊያውቅ አይችልም። በተጋራ ዘይት ችፕስ መብላት ዕጣ ማውጣት ነው።

"ለችፕስ ብቻ የሚሆን መጥበሻ አለን" መባልም ብቻውን አይበቃም። በብዙ ወጥ ቤቶች ዘይቱ ሥራው ሲያልቅ በተሽከርካሪ የማጣሪያ ማሽን ይጠለልና ተመልሶ ይሞላል። ማሽኑ አንድ ከሆነና የዶሮው ዘይት ቀድሞ ካለፈበት፣ የችፕሱ ዘይት በዚያው ወረቀትና ቱቦ ሲያልፍ የዶሮውን ትርፍራፊ ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ "የችፕሱ ዘይት መጀመሪያ ነው የሚጣራው?" ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ጥያቄ ሰምቶ ወዲያው መመለስ የሚችል ኃላፊ ወጥ ቤቱን ያውቀዋል፤ ግራ የተጋባ ፊት ካያችሁ ደግሞ መልሱን አግኝታችኋል።

ሁለተኛው የሚረሳው ቦታ የማሞቂያ መብራት ያለበት ትሪ ነው። ችፕሱ ለብቻው ተጠብሶ የሚዘረገፈው የሽንኩርት ቀለበት ከሚዘረገፍበት ትሪ ላይ ከሆነ፣ የሚዘገነውም በአንድ አካፋ ከሆነ፣ ለብቻው መጠበሱ ምንም አልጠቀመም። ቅርጫቶቹም እንዲሁ፦ ሰው ሲበዛ የዶሮው ቅርጫት ወደ ችፕሱ ዘይት ይሻገራል። ሠራተኛ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የዶሮው መጥበሻ ሞልቶ ሰልፉ በር ሲደርስ የተመደበ የሚባል ነገር ይረሳል።

አንድ በአንድ

በአሜሪካ ካሉት መካከል ቺክ ፊል ኤ ለዳቦ ያወጣው አሠራር ከሁሉም ይሻላል። ግሉተን የሌለበት ዳቦው በታሸገ ፕላስቲክ ለብቻው ይመጣል፤ ሠራተኛው አይከፍተውም፣ በርገሩንም አይገጣጥመውም። ዶሮውን ለብቻው ይሰጣችኋል፤ እናንተ ጠረጴዛችሁ ላይ ትገጣጥማላችሁ። አንዳንዱ "ዳቦዬን ራሴ ልክፈት?" ብሎ ያማርራል። ግን ይሄ ነው ትክክለኛው መንገድ፤ ዳቦው የሠራተኛውን እጅ ጨርሶ አይነካም። ስታዝዙ ግሪል የተደረገውን ዶሮ በግልጽ ጥሩ፤ ዋናው የታወቁበት ዶሮ ዱቄት የለበሰ ነውና ዳቦውን ብቻ መቀየር አያድንም። ችፕሳቸው ዶሮው ከሚጠበስበት ዘይት ተለይቶ በሌላ ዘይት ነው የሚጠበሰው፤ ያም ሆኖ ያላችሁበት ቅርንጫፍ እንዲሁ መሥራቱን ጠይቁ።

ፋይቭ ጋይስና ኢን ኤን አውት በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፦ ሜኑአቸው አጭር ነው። ዘይታቸው ውስጥ የሚገባው ድንች ብቻ ነው፤ ዶሮም የሽንኩርት ቀለበትም አይሸጡም። ለሴሊያክ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቅ አጭር ሜኑ ይጠቅማል። በርገሩን በሰላጣ ቅጠል ጠቅልለው ይሰጣሉ፤ ኢን ኤን አውት ላይ ይህ የራሱ ስም ያለው የታወቀ ትእዛዝ ስለሆነ ማንም ግራ አይጋባም። የሚቀረው ስጋት ሥጋውና ዳቦው የሚገናኙበት ቦታ ነው። መገልበጫው ዳቦ ነክቶ ወደ ሥጋው እንዳይመለስ፣ ሠራተኛውም ጓንት እንዲቀይር መናገር አለባችሁ። ፋይቭ ጋይስ ውስጥ ደግሞ የሞልት (የብቅል) ኮምጣጤ ጠርሙስ ታገኛላችሁ፤ ከገብስ ስለሚሠራ ችፕሱ ላይ እንዳታፈሱት። ሚልክሼካቸው ውስጥም ከሚጨመሩት ብስኩትና ሞልት ያለባቸው አሉ።

ዌንዲስ ዘንድ ችፕሱን ተዉት፤ ዱቄት ከለበሰው ዶሮ ጋር ዘይት ይጋራል። ጥሩው ነገር ግን ሌላ ቦታ የሌለ ነው፦ ሙሉ ድንች በፎይል ተጠቅልሎ ምድጃ ውስጥ የበሰለ። ፎይሉ እስኪከፈት ማንም አይነካውም። ቺሊ የሚባለው የሥጋና ባቄላ ወጣቸውም በንጥረ ነገሩ ግሉተን የለውም፤ አብሮት የሚሰጠው የታሸገ ብስኩት ግን ስንዴ ነው፣ እሱን እዚያው መልሱ። ድንችና ቺሊ ይዞ የሚወጣ ሰው በርገር ቤት ገብቶ የበርገሩን አደጋ ሁሉ አልፎታል ማለት ነው።

የሜክሲኮ ዓይነት ምግብ የሚሸጠው ቺፖትሌ በወረቀት ላይ ሲታይ ከሁሉም ይበልጣል፤ ግሉተን ያለው ቶርቲያ የሚባለው ስስ የስንዴ ቂጣ ብቻ ነው። በተግባር ያለው ችግር እጅ ነው። ቆማችሁ ስትመለከቱ ታዩታላችሁ፦ ሠራተኛው ቡሪቶ ይጠቀልላል፤ ቶርቲያው ላይ ያለው ነጭ ዱቄት ጓንቱ ላይ ይቀራል፤ ከዚያ በዚያው ጓንት አይብና ሰላጣ ይዘግናል። ሩዝና ሥጋ በማንኪያ ስለሚወጡ ብዙም አያሰጉም፤ ማንኪያው ራሱ ቶርቲያ እየነካ ካልሆነ በስተቀር። ስለዚህ ሰሃን ምግብ ስታዝዙ ጓንት እንዲቀየር፣ አይብና ሰላጣው ከኋላ ካልተነካ ዕቃ እንዲመጣ ጠይቁ። በስልክ መተግበሪያ የሚታዘዘው በብዙ ቅርንጫፍ ከኋላ ባለ ሌላ መስመር ስለሚሠራ እጃቸውን ማየት አትችሉም። እዚህ ቤት ፊት ለፊት ቆሞ ማዘዝ ይሻላል።

ማክዶናልድስ አሜሪካ ውስጥ የትኛውንም ምግቡን ግሉተን የሌለበት ነው ብሎ አያረጋግጥም። የሥጋው ንጥረ ነገር ቀላል ነው፤ ሥጋ፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ። ግን ችፕሱ ከተቀነሰ የሚቀረው ለምሳ አይበቃም። በጣሊያን፣ በስፔን፣ በስዊድንና በፊንላንድ ግን ግሉተን በሌለበት ዳቦ በርገር ይሸጣል። የፒዛ ቤቱ የዶሚኖስም ነገር እንዲሁ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግሉተን የሌለበት ሊጥ አለኝ ይላል፤ ወረድ ብሎ ግን ለሴሊያክ እንደማይመክረው ራሱ ይጽፋል። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ኮሊያክ ዩኬ ከተባለው የሕሙማን ድርጅት ዕውቅና አግኝቶ ይሸጣል። የአሜሪካውን ማስጠንቀቂያ እንደ ነውር ማየት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ሐቁን ስለተናገሩ ሊመሰገኑ ይገባል። የሚያሳዝነው ማስጠንቀቂያውን ሳያነቡ የሚያዝዙት ናቸው።

ፒዛ በአጠቃላይ ከበርገር ይከፋል። ዱቄቱ አየር ላይ ነው፤ ሊጥ የዳመጠው እጅ አይቡ ዕቃ ውስጥ ይገባል፤ መቁረጫው አንድ ነው። በ2019 የታተመ አንድ ጥናት፣ ኒማ በተባለ የእጅ መመርመሪያ ደንበኞች ራሳቸው የሰበሰቡትን ከ5,600 በላይ ውጤት አይቶ ነበር። ግሉተን የለውም ተብሎ ከተሸጠ የምግብ ቤት ምግብ 32 በመቶው ላይ ግሉተን ተገኘ፤ ፒዛ ላይ ግን ከግማሽ በላይ። መሣሪያው በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በታችም ሊያነብብ ስለሚችል፣ ሰውም የሚጠረጥረውን መርጦ ስለሚመረምር ቁጥሩን እንዳለ መውሰድ ይከብዳል። ፒዛ ከሌላው መባሱን ግን በግልጽ ያሳያል።

ታኮ ቤል ሥጋው ውስጥ አጃ አለ። አጃ ብዙ ጊዜ ከስንዴ ጋር ተቀላቅሎ የሚመጣ እህል ነው፤ ግሉተን የሌለበት ተብሎ ካልተረጋገጠ ሴሊያክ ያለበት ሰው አይወስደውም። ዶሮ ብቻ የሚጠብሱ ቤቶችና በዳቦ መስመር ሳንድዊች የሚሠሩ ቤቶች ላይ ቃል ማብዛት አያስፈልግም፦ አንደኛው ቤት ሙሉ ዱቄት ነው፣ ሌላኛው ቤት ሙሉ ፍርፋሪ።

ሰንጠረዡን ማንበብ

ሁሉም ትልልቅ ድርጅቶች የአለርጂ ሰንጠረዥ በድረ ገጻቸው ያወጣሉ። መጀመሪያ ቀኑን እዩ፤ ከዚያ አገሩን። ቀጥሎ የሚመጣው ወጥመድ አሜሪካ ውስጥ የሚያጋጥም ነው። የ2004ቱ የአለርጂ ሕግ በግዴታ እንዲጻፍ የሚያዝዘው ስንዴን እንጂ ገብስንና ራይ የሚባለውን እህል አይደለም። ሰንጠረዡ "ስንዴ" የሚል ዓምድ ብቻ ካለውና ዓምዱ ባዶ ከሆነ፣ ምግቡ ውስጥ የገብስ ሞልት ሊኖር ይችላል። "ግሉተን" የሚል ዓምድ ከሌለ ሙሉውን የንጥረ ነገር ዝርዝር ከፍታችሁ ሞልት የሚለውን ቃል ፈልጉ። በአውሮፓ ኅብረት ይህ ችግር የለም፤ ግሉተን ያላቸው እህሎች በሙሉ መገለጽ ካለባቸው 14 አለርጂ አምጪዎች አንዱ ናቸው፤ ግዴታውም ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ምግብ ቤቶችን ይጨምራል። ሌላው፣ ሰንጠረዥ የሚናገረው ስለ ንጥረ ነገር ነው፤ ስለ ንክኪ አይደለም። የተጋራ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ በግርጌ ማስታወሻ ነው የሚገለጸው፤ ፊደሉ ደቃቅ ስለሆነ አጉልታችሁ አንብቡ።

ቆጣሪው ፊት

የማዘዣ ስክሪን ላይ "ዳቦ ይቅር" ብሎ መጫን ለወጥ ቤቱ የሚነግረው ዳቦ እንደማትወዱ ብቻ ነው። ማንም ጓንት አይቀይርም። ሴሊያክ ያለበት ሰው ከሰው ጋር ነው ማዘዝ ያለበት፤ ከተቻለ ከተረኛ ኃላፊው ጋር። ሴሊያክ በሕክምና ቋንቋ አለርጂ አይደለም፤ ቆጣሪ ላይ ግን "ሴሊያክ አለብኝ፣ እንደ አለርጂ ያዙልኝ" ማለት ያዋጣል፤ ምክንያቱም ሠራተኞች ሥልጠና የወሰዱበት አሠራር በአለርጂ ስም ነው የሚከፈተው። "ግሉተን አልበላም" ስትሉ ግን ክብደት ለመቀነስ ይመስላቸዋል።

አጠያየቁም ልዩነት ያመጣል። "ችፕሱ ግሉተን የለውም አይደል?" ብሎ መጠየቅ "የለውም" የሚል መልስ መለመን ነው። "በዚህ ዘይት ሌላ ምን ትጠብሳላችሁ?" ስትሉ ግን ሠራተኛው የግድ ማሰብ አለበት። ዳቦው የሚሞቀው በቶስተር ነው ወይስ ሥጋው በሚበስልበት ብረት ላይ? ብረቱ አንድ ከሆነ አንድ ጥጉ ተፍቆና ተጠርጎ፣ በንጹሕ መገልበጫ እንዲሠራላችሁ ጠይቁ። እጅ ማጽጃ ጄል ግሉተንን አያነሳም፤ የሚያነሳው በሳሙናና በውሃ መታጠብ ነው፣ ከዚያም አዲስ ጓንት። ይህን ሁሉ በምሳ ግርግር መሐል መጠየቅ ለእናንተም ለሠራተኛውም አስቸጋሪ ነው፤ ቤቱ በተከፈተ በመጀመሪያው ሰዓት ወይም ምሳ ካለፈ በኋላ ግቡ።

ምግቡ ሲመጣ ከቆጣሪው ሳትርቁ ክፈቱት። ዳቦ ከገባበት አስቀይሩ፤ የተሳሳተውን ግን አዲሱ እስኪመጣ ሳትመልሱ ያዙት። ሰው ሲበዛ ለሠራተኛው ቀላሉ መንገድ ዳቦውን አንስቶ ያንኑ ሥጋ በአዲስ ሣጥን መመለስ ነው። በመኪና መስኮት የምታዝዙ ከሆነም እዚያው አካባቢ ቁማችሁ አረጋግጡ።

ሶስና መጠጥ

የታሸገ ትንሽ ፓኬት ሶስ ሁልጊዜ ከሚጨመቀው ጠርሙስ ይሻላል፤ የጠርሙሱ አፍ ዳቦ ላይ ሲነካካ ነው የሚውለው። አኩሪ አተር ሶስ በአብዛኛው ከስንዴ ጋር ነው የሚጠመቀው፤ ስለዚህ ከእሱ የሚሠራው ቴሪያኪ የሚባል ሶስ የተቀባ ዶሮ ግሪል ቢሆንም ይቅር። ግሬቪ የሚባለው የሥጋ መረቅ ሶስ በአብዛኛው በዱቄት ነው የሚወፍረው። ቁርስ ላይ እንቁላል ስታዝዙ ዳቦና ፓንኬክ በሚበስልበት ብረት ላይ እንዳይሆን ጠይቁ፤ እንደ አይሆፕ ያሉ ቤቶች ደግሞ ኦምሌት ውስጥ የፓንኬክ ሊጥ ይጨምራሉ።

ለስላሳ መጠጥ አያሳስብም። አይስክሬም በኮን ሳይሆን በኩባያ፤ ኮን እየያዘ በዋለ እጅ እንዳይሆንም ተመልከቱ። ሚልክሼክ ላይ ችግሩ ማደባለቂያው ዘንግ ነው፦ ብስኩት የተፈጨበት ዘንግ በውሃ ተለቅለቅ ብሎ ለቀጣዩ ደንበኛ ይገባል። ዘንጉ በደንብ ካልታጠበ ሚልክሼኩን ትታችሁ ማሽኑ ራሱ የሚቀዳውን ተራ አይስክሬም ውሰዱ።